የጋሽ ሞረድ የአንገት ቁልፍ

ጋሽ ሞረድ በተቀበረ ሰሞን፣ ትልቋ ልጁ እታለም በጠራራ ፀሐይ የሰው ቤት ከፍታ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበያ ስትመለስ በአንድ እጇ የሽንኩርት ዘንቢል፣ በሌላው የላምባ ጀሪካን ይዛለች፤ ሐሳቧ ደግሞ ከሁለቱም የለም። የመንገዱ ቤቶች አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሠራቸው ይመስላሉ፤ በራቸው አንድ ዓይነት፣ ቀለማቸው አንድ ዓይነት አረንጓዴ፣ ደረጃቸው እንኳን የተሸረፈው በአንድ በኩል ነው። ጀሪካኑን አስቀመጠች፤ በአንገቷ ያንጠለጠለችውን የአባቷን ቁልፍ አውጥታ ከተተች፣ አዞረች፤ በሩ ምንም ሳያንገራግር ተከፈተላት። ገብታ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል ጠረጴዛው ቦታው የለም። በጠረጴዛው ፋንታ ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሾፌር በውስጥ ሱሪው ተቀምጦ፣ እግሩን ሳፋ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፏል።

«እሰይ! እንግዳ ሽንኩርት ይዞ ሲመጣ ደስ ይላል» አለ ሾፌሩ፣ ፎጣውን ጭኑ ላይ ጣል እያደረገ።

እታለም የምትገባበት ጠፋት። «ውይ በሞትኩት! የኛ ቤት መስሎኝ እኮ ነው። ይቅርታ ጋሼ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ።»

«ምንም አይደል ልጄ፤ ሐዘን ላይ ነሽ። አባትሽም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንት በፊት እንዲሁ ተሳስቶ ገብቶብኝ ነበር። እዚህ መሐል ቤት ቆሞ ቀረ። ግባና ቁጭ በል ብለው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ቁልፉን በእጁ እንደጨበጠ ወጣ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ በር መዝጋት እየረሳሁ ነው። መኪና ላይ ብሆን ኖሮ ይሄኔ የእጅ ፍሬኑንም ረስቼ ገደል ገብቼ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። እታለም ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ ሳቁ ፊቷ ላይ የደረቀው ያኔ ነው። ሾፌሩ በሩን አልረሳም። ቁልፉን ስታዞረው የመቆለፊያው ምላስ ቀጭ ብሎ ሲመለስ በጆሮዋ ሰምታለች። የቁልፍ ሠሪ ልጅ ናት። የተቆለፈ በር ሲከፈትና ያልተቆለፈ በር ሲገፋ ድምፁ እንደሚለያይ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

አባቷን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሞረድ ነበር የሚለው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የመቃብሩ ድንጋይ ብቻ ናቸው ይባላል። እዚህ ሰፈር የመጣው ጢሙ ሳይበቅል፣ አንድ ሞረድ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው። በልብስ ሰፊውና በዳቦ ቤቱ መካከል የነበረችውን ቀዳዳ ተከራየ። ቀዳዳ ማለት ቀዳዳ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ሆዱን መሳብ ነበረበት። እዚያች ውስጥ ብረት መንከሻ ሞርሳውን ከጣውላው ጋር አጣብቆ፣ ጎብጦ፣ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሞረደ። የሱሪው እጥፋት ብናኝ ስለሚሞላ ሚስቱ ደጅ ሳታራግፈው ወደ ቤት አታስገባውም። እታለም ልጅ ሆና ከእጁ የምትጎርሰው ዳቦ ሁሉ ብረት ብረት ይል ነበር። ሌሎች ልጆች አባታቸውን በድምፁ ሲያውቁ እሷ በሽታው ነበር የምታውቀው።

ሦስት ነገር አይለቅም ነበር። አንደኛ፣ የብሎኖቹን አናት ሁሉ፣ ማንም አያይልኝም ሳይል፣ መሰንጠቂያቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አስተካክሎ ነው የሚያጠብቀው። ሁለተኛ፣ የሰው ቤት ከፍቶ ወደ ውስጥ አያይም። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ጠርቶት ሲሄድ፣ በሩን ከፍቶ ገርበብ ያደርግና ጀርባውን አዙሮ ይቆማል። «ቤቱ የናንተ ነው፤ የኔ በሩ ብቻ ነው» ይላል። ሕፃን ተቆልፎበት እናትየዋ ደረቷን እየደቃች በቆመችበት ቀን እንኳን፣ ከፍቶ፣ ዞሮ፣ የልጁን ልቅሶና የእናቲቱን እልልታ በጀርባው ነው የሰማው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። በሰፈሩ ውስጥ የሁለት ቤት ቁልፎች ጥርሳቸው አይገጥምም። ይህን በጽሑፍ አልያዘውም፤ በጣቱ ነው የያዘው። የራሱን ቤት ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ እሱ ነበር መለኪያው። አዲስ ቁልፍ ሲሞርድ በየመሐሉ አውራ ጣቱን በአንገቱ ቁልፍ ጥርስ ላይ ያሳልፍና፣ «እዚህ ጋ አንድ ጥፍር ዝቅ፣ እዚያ ጋ ግማሽ ጥፍር ከፍ» እያለ ያጉረመርማል። ከራሱ ቁልፍ እየራቀ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ይሰጠዋል። «የሁለት ሰው ጥርስ አንድ ሆኖ አይበቅልም» ይላል ሲጠየቅ። ጥርሱ ያለቀው ሾፌር፣ «እንግዲያስ ለኔ ያለ ጥርስ ሥራልኝ» ብሎት ሰፈሩ ሲስቅ ከርሟል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የሠራው መቆለፊያ ነው፣ በሌላ ሰው ቁልፍ ሙልጭ ብሎ የተከፈተው።

በማግስቱ እታለም የጎረቤት ሳህኖች ሰበሰበች። በሐዘኑ ጊዜ ምግብ ያልላከላቸው አልነበረምና ሳህን መመለስ ጥሩ ሰበብ ነው። ሰዎቹ ሥራ በሚውሉበት ሰዓት ከበር በር እየዞረች፣ ታንኳኳለች፤ መልስ ካጣች ግራና ቀኝ አይታ ቁልፉን ትከታለች። ደግሞስ ከሌባ በምን ተለየች? የአናጢው በር አልተከፈተም። እግዜር ይመስገን አለች። የመምህሯም አልተከፈተም። የልብስ ሰፊው ግን ተከፈተ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ተከፈተ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቤትም ተከፈተ። ያልተከፈቱት አባቷ በጉልምስናው የሠራቸውና ከዚያ ወዲህ ያልነካቸው ነበሩ። የተከፈቱት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተበላሹ ተብለው ያደሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ የፈራችው በር ጋ ደረሰች። ባለ ዳቦ ቤቷ በዚህ ሰዓት ምድጃዋ ፊት ናት። እታለም ቁልፉን ከተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ዞረላት። በሩ ገርበብ አለ፤ የውስጡ ጨለማና የእርሾ ሽታ ፊቷን መታት። እሷም አልገባችም፤ እንደ አባቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ይህ በር ለምን እንዳስፈራት ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። አባቷ ከመሞቱ ወራት ቀደም ብሎ፣ ከዚህ ቤት የባለቤቲቱ እናት የተዉላት የወርቅ ሐብል ጠፋ። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ዳቦውን ትቶ ወርቁን ላሰ እየተባለ ተቀለደ። ቀልዱ ብዙ አልቆየም። ያንን ቤት የሚከፍቱ ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ ከባለ ዳቦ ቤቷ ዘንድ፣ ሌላው የሰፈሩን ልብስ ከምታጥበው ሴት ዘንድ። አጣቢዋ ገብታ የቆሸሸውን የምትወስድበት፣ ገብታ የታጠበውን የምታስቀምጥበት ቁልፍ ነው። ሰው ሁሉ እሷን አየ።

ሴትየዋ ማለች፣ ተገዘተች። ያኔ ልብስ ሰፊው፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነ፣ «ባለሙያ ይጠየቅ» አለ። ጋሽ ሞረድ ተጠራ። መቆለፊያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዞረ፣ ቀና አለና፣ «ይህ መቆለፊያ አልተነካካም። በራሱ ቁልፍ ነው የተከፈተው። እኔ የሠራሁትን ሌላ ቁልፍ አይከፍተውም» አለ። በቃ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጋሽ ሞረድ አፍ ደግሞ ወለም ብሎ አያውቅም። አጣቢዋን ወደ ፖሊስ የወሰዳት የለም፤ ከዚያ የከፋ ነው ያደረጓት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ሸሚዝ እንኳን የሰጣት አልነበረም። ቁልፋቸውን ተቀበሏት፣ በሯ ላይ ተፉ፣ ልጆች ስም አወጡላት። ድልድዩን ተሻግራ የማታውቀው ሰፈር ገባች። ስትሄድ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ነበር። «ወርቁም እያደር ይገኛል» ብለው ሳቁባት።

እታለም ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየዋ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ጣቷ ምስሩ ላይ እንደሆነ ቆመ።

«ዓይኑ መድከሙን ዐውቅ ነበር» አለች። «ብናኙን ከዓይኑ በውሃ የማጥብለት እኔ አይደለሁ? አንድ ቀን ‹ፀሐይ ጠልቃለች እንዴ?› ሲለኝ ገና ቀትር ነበር። ‹ለማንም አትንገሪ፣ ዓይኑ ጠፋ ካሉ ሥራ የሚሰጠኝ የለም፤ እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ ደግሞ እሞታለሁ› አለኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ጣቱም አብሮ ደክሞ ነበር ማለት ነው እማ። አንድ ጥፍር ዝቅ ያደረገ እየመሰለው፣ የአንገቱን ቁልፍ ነው ለሁሉም የሞረደላቸው።»

«ይሆናል።»

«አጣቢዋ እኮ ሌባ ተብላ ነው የሄደችው። በአባባ ቃል።»

እናቷ ምስሩን ወደ ጎን ገፋችው። «ስሚኝ ልጄ። አባትሽ ቤት አልሠራ፣ መሬት አልገዛ፤ ያለችው አንድ ስሙ ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አልሰማሽም? ገና አፈሩ ሳይደርቅ ሁለተኛ ልትገድዪው ነው? በሮቹን አንድ ሰው ቀስ እያለ ይቀይራቸው። ሌላውን አንቺም ሆድ ይፍጀው በዪ።»

«ለሷስ ምን ቀረላት? ስም እኮ ለሷም አንድ ናት።»

እናትየዋ ምስሩን መልሳ ሳበችው። አንድ ጠጠር ለቅማ ጥላ፣ ሌላ ጠጠር ፈለገች።

እታለም ተኝታ አልተኛችም። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የሾፌሩ ወሬ። አባቷም እዚያው ቤት ገብቶ ቆሞ ቀረ፣ ቁልፉን ጨብጦ ወጣ ያለው። ሐሳቡ ብቅ ባለ ቁጥር ወደ ጎን ገፋችው። በዚያን ጊዜ እውነትም ሾፌሩ በሩን ረስቶ ይሆናል። ሽማግሌ ነው፣ ይረሳል። አባባ ቢያውቅ ኖሮ ዝም አይልም ነበር።

ሰፈሩ ደግሞ ለጋሽ ሞረድ መታሰቢያ ሽር ጉድ ይላል። የጋራ አዳራሹን በር መቆለፊያ የሠራው እሱ ነውና፣ ፎቶው ተለቅ ተደርጎ ከበሩ በላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። ልብስ ሰፊው ንግግር የምታደርገው ትልቋ ልጅ ትሁን ብሎ እቤት ድረስ መጣ። «አጠር፣ ጣፈጥ አድርጊው» አላት። «አልቅሺ፤ ግን ብዙ አታልቅሺ። ወንበሮቹ የኪራይ ናቸው፣ ሳይመሽ መመለስ አለባቸው።»

በቀኑ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቷ ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ከእታለም ላይ አይነቀልም። እታለም ተነሣች። ስለ ሞረዱ፣ ሁለት ሰው ስለማትይዘዋ ቀዳዳ፣ ብረት ብረት ስለሚለው ዳቦ ተናገረች፤ ሰው ሳቀ። ተቆልፎበት ስለነበረው ሕፃን ስታነሣ፣ ያ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ከኋላ ተቀምጦ ነበርና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ልብስ ሰፊው በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ብታበቃ ሁሉም ያምር ነበር። እሷም ልታበቃ ነበር። የአባቷን ጉብጠት አሰበች፤ የእናቷን ዓይን አየች። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗ ከባለ ዳቦ ቤቷ ጎን ባዶ ወንበር ላይ ወደቀ፤ አጣቢዋ በዚህ አዳራሽ ስብሰባ ሲኖር ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች፣ «አንድ ነገር ቀርቶኛል።»

ነገረቻቸው። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ከፍ አደረገችው። የከፈተቻቸውን በሮች አንድ በአንድ ጠራች። «አባቴ አላወቀም» አለች በመጨረሻ። «ዓይኑ ከድቶት ነው። ቢያውቅ ኖሮ ዝም አይልም ነበር፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አጣቢዋ ላይ የተናገረው ቃል ግን ስሕተት ነው። ያን ቤት የመንገዱ ግማሽ ሰው በኪሱ ባለው ቁልፍ ሊከፍተው ይችል ነበር። ሴትየዋ ላይ የቀረበው ማስረጃ የሱ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ወድቋል።»

ባለ ዳቦ ቤቷ ተነሣች። «እስቲ አምጪው» አለች። ቁልፉን ተቀብላ ወጣች፤ አዳራሹ ተከትሏት ወጣ። በየበሩ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ተሰማ። ከዚያ ሰዎች የራሳቸውን ቁልፍ እያወጡ የጎረቤታቸውን መሞከር ጀመሩ፤ ያንዱ ላንዱ ተከፈተ። «እንግዲያ እኔ በሬን ረስቼ አላውቅም ነበር!» አለ ሾፌሩ፤ ወዲያው ግን ቤቱ መሐል ቆሞ የቀረው ጋሽ ሞረድ ትዝ አለውና አፉን በእጁ ያዘ። «ይህን ሁሉ ዘመን ቁልፍ መስሎን ያንጠለጠልነው ጌጥ ነው?» ብሎ የጮኸ አለ። «ሚስቴን ብቻዋን ትቼ እየሄድኩ!» ያለ አለ። እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር፤ ትናንት አጣቢዋን ያዩበት ዓይን አሁን በየጎረቤቱ ላይ ይዞር ነበር።

ባለ ዳቦ ቤቷ በሯን ከፍታ አልገባችም። ቁልፉን ለእታለም መልሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ፊቷ ላይ ተፍቻለሁ እኮ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ልብስ ሰፊው ፎቶውን አወረደና፣ «ነገሩ እስኪበርድ ነው» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስደገፈው። እናቷ ማንንም ሳታነጋግር ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እታለም ድልድዩን ተሻገረች። ባለ ዳቦ ቤቷን አብረን እንሂድ ብላት ነበር፤ «ምን ብዬ ዓይኗን ልይ? ሌላ ቀን» አለች። ብቻዋን ጠይቃ ጠይቃ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት አገኘች። አጣቢዋ ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ አንሶላ ትጨምቃለች። እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቋል፤ ፊቷ ከሄደችበት ጊዜ ይልቅ ገርጥቷል። እታለምን አየቻት፣ አልተነሣችም።

እታለም ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ሰፈሩ መስማቱን፣ በሮቹ መሞከራቸውን፣ ባለ ዳቦ ቤቷ ደረጃው ላይ ያለችውን። አጣቢዋ አንሶላውን እየጨመቀች ሰማች፤ ውሃው ካለቀም በኋላ መጭመቋን አልተወችም።

«አባትሽ ዐውቆ ነበር?» አለች።

«አላወቀም። እማማ ትሙት አላወቀም፤ ዓይኑ...»

«ነይማ።»

እጇን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት። በሩ ያው የቆርቆሮ በር ነው፤ ዝገቱ ከዳር በልቶታል። መቆለፊያው ግን አዲስ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ያብረቀርቃል። እታለም ወደ ብሎኖቹ አየች። የሁሉም መሰንጠቂያ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስተካክሏል።

«ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት መጣ» አለች አጣቢዋ። «መንገዱን በዘንግ እየዳበሰ፣ ሰው እየጠየቀ። ምንም ሳይለኝ በሩ ሥር ተንበረከከና ቀኑን ሙሉ ሞረደ። ይሞርዳል፣ ይዳስሳል፣ ይሞርዳል፣ ይዳስሳል። ውሃ ስሰጠው እንኳን አልጠጣም። ‹ጋሽ ሞረድ፣ የሚሰረቅ ነገር የለኝም፣ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል?› ብለው፣ ‹ይኼኛው የማንንም አይመስልም› አለኝ። ቁልፉን ሰጠኝና ጀርባውን አዙሮ ቆመ፤ ታውቂው የለ፣ ልማዱ ነው። ከዚያ ሄደ። እኔ ደግሞ ያዘነልኝ መስሎኝ መረቅኩት። መረቅኩት እኮ!»

የእታለም እጅ አንገቷ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ።

«እስቲ ያንን ያንገትሽን ቁልፍ ሞክሪበት» አለች አጣቢዋ።

እታለም ከተተችው። ገባ። ስታዞረው ግን አልዞረም። እንደገና ሞከረች፣ በሁለት እጇ ጫነችው፤ ገመዱ አንገቷን እስኪቆርጣት ድረስ ቁልፉ እንቢ አለ። ለሰፈሩ ሁሉ ሊያደርገው ያልቻለውን፣ አንድ ጥፍር ዝቅ፣ ግማሽ ጥፍር ከፍ፣ አባቷ በዚህች በር ላይ ዓይኑ ጠፍቶ እንኳን አድርጎታል። ጣቱ እንደከዳው ዐውቆ ነበርና። ሾፌሩ ቤት መሐል ቆሞ የቀረ ቀን ነው ያወቀው። ዐውቆ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ተንበርክኮ፣ ለዚህች ሴት በስሟ ፋንታ መቆለፊያ ሰጣት። ትናንት አዳራሽ ውስጥ ቆማ የማለችለት አባት ይኼ ነው። እታለም ግንባሯን በቆርቆሮው ላይ አድርጋ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

አጣቢዋ አላባበለቻትም። ልቅሶው እስኪወጣላት ጠበቀችና፣ «እንግዲህ ይህንንስ ትነግሪያቸዋለሽ?» አለች።

እታለም አፏን ከፈተች። ፊቱን ወደ ግድግዳ የዞረው ፎቶ ታያት። እናቷ ታየቻት፤ ከትናንት ጀምሮ አላነጋገረቻትም። አላወቀም ቢባል ይቅር ሊሉት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዐወቀ ከተባለ አንድም አይኖርም። አባቷ እዚሁ ቆሞ ሳይናገራት የቀረው ቃል ይህችው መሆኗ ገባት። አዘነችለት። ደግሞም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደችበት።

አጣቢዋ መልስ አልጠበቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሻርፗን ከገመዱ ላይ አወረደች። «እንሂድ። አንቺ ካቃተሽ እኔ እናገራለሁ። ባያምኑኝም ልምዴ ነው።» በሩን ሳበችና ልትቆልፍ ቁልፏን አወጣች።

እታለም ሳታስበው፣ እንደ አባቷ፣ ጀርባዋን አዙራ ቆመች።

«ዙሪ» አለቻት አጣቢዋ ከኋላዋ። «ወደ እኔ ዙሪ። እሱም ያን ቀን ወደ እኔ መዞር ነበረበት።»

እታለም ዞረች። የሴትዮዋን ዓይን እያየች፣ «እኔው ነኝ የምነግራቸው» አለች።

አጣቢዋ በሩን ቆለፈችና አብረው ወደ ድልድዩ ሄዱ።